ፍርስራሽና ማዕድ

ጠዋት የፈረሰ ነገር ሊያይ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ለወይን ጠጅ ቢቀመጥ፣ ያ ቀን አንድ ቀን ነው ወይስ ሁለት? ይህን የምጠይቀው ስለ ጊዜ አጠቃቀም አይደለም። ለዚያ አስጎብኚዎች መልስ ከሰጡ ቆይተዋል፤ በማለዳ የጥያ ትክል ድንጋዮች ወይም የዝዋይ ደሴት ገዳም፣ ከዚያ በባቱ የወይን ቅምሻና ምሳ፣ ማታ ወደ ቤት። ሰዓቱ ይበቃል፣ መንገዱም ያደርሳል። እኔን የያዘኝ ከሰዓቱ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። የጠዋቱ ጉብኝት የሠሩ እጆች ሁሉ እንደሚያርፉ፣ የቆመ ሁሉ እንደሚወድቅ ለጎብኚው ይነግረዋል። የቀትሩ ማዕድ ደግሞ ቀኑ ያንተ ነው፣ ቅመስ፣ ተጫወት ይለዋል። አንዱ እውነት ሌላውን ሳያፈርስ ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ይቻላል? ወይስ ምሳውን የምንበላው ጠዋት የሰማነውን ለመርሳት ነው?

ጥያቄውን ከኦጎልቾ ተነሥቶ ማሰብ መልክ ይሰጠዋል። ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሰላ ተነሥተው የጭላሎን ደጋ ወደ ኋላ ትተው ሲወርዱ፣ የገብሱ አገር አልቆ ግራሩና ሙቀቱ በሚጀምርበት፣ የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች የሰበሰበውን ይዞ ወደ ሐይቁ በሚያመራበት ምድር ትገኛለች። ሐይቁን አንዳንዱ ዝዋይ፣ አንዳንዱ ደንበል ይለዋል። ከኦጎልቾ ወደ ምዕራብ ለሚያቀና ሰው መጀመሪያ ሐይቁ፣ በሐይቁ ውስጥ ደሴቶቹ፣ ከደሴቶቹ ማዶ ደግሞ ባቱ ከተማና የወይን እርሻው በተራ ይመጣሉ። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በገዳም ስሙ ደብረ ጽዮን ይባላል፤ የዛይ ሕዝብ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ይዞ ለዘመናት የኖረበት ነው። ማዶ ያለውን ወይን የተከለው የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጥተዋል፤ ሪፍት ቫሊና አካሲያ የሚባሉት ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጎብኚ በባቱ በኩል ስለሚደርስ ደሴቱን ከወይኑ አሻግሮ ያየዋል። ከአርሲ በኩል ለሚመጣው ግን ደሴቱ ይቀድማል፤ ወይኑ ከደሴቱ ወዲያ ነው። ለመጀመሪያው ፍርስራሹ ማዕዱን የሚያሳምር ትዕይንት ሊሆን ይችላል። ለሁለተኛው ማዕዱ ራሱ ከፍርስራሹ በኋላ የሚመጣ፣ መልስ የሚፈልግ ነገር ነው። እኔ የማስበው እንደ ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ግን ፍርስራሽ ምንድን ነው? የድንጋይ ክምር ሁሉ ፍርስራሽ አይደለም። ከእርሻ ተለቅሞ ዳር ላይ የተከመረ ድንጋይ ምንም አልፈረሰበትም። ተጀምሮ ያላለቀ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ጣሪያ ቢጎድለው የጎደለው ገና ያልመጣ እንጂ የሄደ ነገር አይደለም። ፍርስራሽ እንዲኖር የቀረ ነገርም የሄደ ነገርም ያስፈልጋል። ሁሉም ከቀረ ቤት ነው፤ ሁሉም ከሄደ ሜዳ ነው። ነገር ግን የሄደው ነገር በድንጋዩ ላይ አይታይም፤ ስለሄደ አይታይማ። ያ ድንጋይ ግድግዳ እንደነበር፣ በግድግዳውም ውስጥ አንድ ነገር ይደረግ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ፍየል ይወጣበታል እንጂ ፍርስራሽ አይባልም። ስለዚህ ፍርስራሽ ግማሹ በመሬት ላይ፣ ግማሹ በሰው ልብ ውስጥ ያለ ሕንጻ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሁለቱ ግማሾች ደግሞ እኩል አያረጁም። በጥያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች አብዛኞቹ ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ የተቀረጸባቸው ሰይፍ እንኳ ይቆጠራል። ግን ማን እንዳቆማቸው፣ ሰይፉ ጀግንነትን ይቁጠር ወይስ ሌላ ነገር፣ ያቆሟቸውን ሰዎች በስም የሚጠራ ልጅ ስለሌለ ተረስቷል። በዚያ ድንጋዩ ቆሞ የፈረሰው ትዝታው ነው። በቱሉ ጉዶ ግን ተቃራኒው ሆኗል። በተራራው አናት ላይ ያለው የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ወድቋል፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ግን ከእነ ምክንያቱ፣ ከእነ ባለቤቱ፣ ከእነ ዘመኑ ቆሟል።

የሚነገረውም ይህ ነው። በዮዲት ዘመን አክሱም ስትጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ባለው ተራራ ላይ አሳደሯት፤ ክፉው ዘመን ካለፈ በኋላ ወደ አክሱም መለሷት። ትውፊት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ በራሱ ሚዛን ሊመዝነው መብቱ ነው። እኔ ግን የምመለከተው ትውፊቱ ስለ ቦታው የሚያስበውን ነው። ብዙ ሕዝብ ቅዱስ ቦታ የሚለው ቅዱሱ ነገር አሁን ያለበትን ነው። የደብረ ጽዮን ክብር ግን የሚመሠረተው እዚያ ኖሮ በሄደ ነገር ላይ ነው። የተራራው አናት የታቦቷ ማረፊያ የነበረ ቦታ ነው፤ ‘የነበረ’ የሚለው ቃል ከክብሩ ምንም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ክብሩን የሰጠው እርሱ ነው። ባለአደራ ማለት እንዲህ ያለ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ሥራው የሚፈጸመው አደራውን በማስቀረት አይደለም፤ በመመለስ ነው። ከመለሰ በኋላ እጁ ባዶ ይሆናል፣ ባዶነቱም ምስክሩ ነው። እንግዲህ አንድ ጎብኚ በጀልባ ተሻግሮ ዳገቱን ወጥቶ ከዚያ ድንጋይ ዘንድ ቢደርስና ‘እዚህማ ምንም የለም’ ቢል፣ የተናገረው ስድብ ቢመስልም ምስጋና ነው። ምንም አለመኖሩ አደራው በደኅና መድረሱን ነው የሚናገረው።

ይህ ግን በመጀመሪያው ፍቺዬ ላይ ጥርጣሬ ይጥልብኛል። ፍርስራሽ የቀረና የሄደ ነገር ያለበት ነው ብያለሁ። በደሴቱ ላይ ግን ማርያም ጽዮን ዛሬም ይቀደስባታል፤ ኅዳር 21 ትከብራለች፤ የብራና መጻሕፍቱም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው ቆይተዋል። ቤቱ የተሠራለት ጉዳይ ሳይቋረጥ ግድግዳው ብቻ ከወደቀ፣ የወደቀው ፍርስራሽ ነው ወይስ ሰው ቀይሮ የጣለው አሮጌ ልብስ? ልብሱን ያየ ሰው ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ያለቅስ ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን እዚያው ታች በሌላ ልብስ ቆሞ ይዘምራል። ከዚህ የተነሣ የጥንት ነገር ሊያይ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጥንቱን ሳይሆን ጥንቱ ጥሎት የሄደውን ይመስለኛል። ጥንቱ ራሱ በሕይወት ካለ አዲስ መስሎ ስለሚታይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው፣ ማይክራፎን ስለሚጠቀም፣ ጎብኚው አያነሣውም፤ ፎቶግራፉን ወደ ድንጋዩ ያዞራል። ያረጀውንና የሞተውን እንደ አንድ መቁጠር ልማዳችን ሆኗል።

አሁን ወደ ማዶ እንሻገር። ገበሬ ወይንን እንደ ጤፍ በዘር አያባዛም። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ቢዘራ የሚወጣው ከእናቱ የተለየ ሌላ ተክል ነው፤ ስለዚህ ጣዕሙን የወደደ ገበሬ ዘሩን ትቶ ቅርንጫፉን ቆርጦ ይተክላል። ከባቱ ወይኖች አንዱ ካበርኔ ሶቪኞን ይባላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ተመራማሪዎች በዘረመል ምርመራ እንዳሳዩት፣ ይህ ወይን ካበርኔ ፍራንና ሶቪኞን ብላን የሚባሉ ሁለት ወይኖች ተዳቅለው የወለዱት ነው፤ ልደቱም በቦርዶ አካባቢ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደነበረ ይታመናል። ማለትም አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቆረቆሩበት መቶ ዓመት አንዲት ቡቃያ በቀለች። ከዚያች ቡቃያ ቅርንጫፍ ተቆረጠ፤ ከቅርንጫፉ ቅርንጫፍ፤ እስከ ባቱ አሸዋ ድረስ። በመካከሉ ልደት የለም፤ መቆረጥና መተከል ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ያለው ተክል የዚያች ቡቃያ የልጅ ልጅ ነው ማለት አያስኬድም፤ ራሷ ናት ማለት ይቀላል። ዕድሜዋን የጠየቀ ሰው ታዲያ ምን ይባላል? አሥራ ጥቂት ዓመት? ወይስ ከጎንደር ግንብ እኩል? ድንጋዩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ተለወጠ፤ ተክሉ አህጉር ተሻግሮ አልተለወጠም። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ‘ጥንታዊ’ የሚለውን ስም ለጠዋቱ፣ ‘ዘመናዊ’ የሚለውን ለቀትሩ የሰጠነው በምን ሥልጣን ነው?

ከዚህም የሚያስደንቀው የተክሉ ዓመት ነው። በትውልድ አገሩ ክረምቱ በብርድ ያስተኛዋል፤ ጸደይ ይቀሰቅሰዋል፤ ዓመቱን ከሰማይ ይማራል። በዝዋይ ዳር ግን የሚያስተኛ ብርድ የለም፤ ሙቀቱ ሁልጊዜ ብቀል ይለዋል። ስለዚህ ዓመት የሚሰጠው ሰው ነው፤ መቀስ ይዞ ይገርዘዋል፣ ከመገረዙም አዲስ ጊዜ ይጀምራል። ለተፈጥሮ ቢተው ተክሉ በዚህ ምድር ጊዜ የለውም ለማለት ያስደፍራል። ፍርስራሹ ደግሞ ጊዜ የበዛበት ነገር ነው። አንዱ ሰው እንዲነካው፣ በየወቅቱ እንዲቆርጠው የግድ ነው፤ አለዚያ ዱር ይሆናል። ሌላው ሰው እንዳይነካው የግድ ነው፤ ከድንጋዩ አንዱን ለጎጆ ማገር ማስደገፊያ የወሰደ ሰው የታሪኩን ፊደል ወሰደ። ሁለቱም ታጥረው ነው የሚጠበቁት። እርሻው ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ደሴቱን ሐይቁ ራሱ ከቦታል። የሰው ልጅ ነገርን የሚጠብቅባቸው ሁለት መንገዶች አንዱ ባለመንካት፣ ሌላው ባለማቋረጥ በመንካት ሆነው በአንድ ሐይቅ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠዋል። ለዚህ ነው የጠዋቱና የቀትሩ ጉዞ ተራ መዝናኛ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው፤ ጎብኚው ባያውቀውም ስለ መጠበቅ ሁለት ትምህርት ተሰጥቶታል።

ተክሉን ግን ከሚገባው በላይ እንዳላወድስ የአርሲ ምድር ራሷ ትከለክለኛለች። እዚህ ሰው ስለ ዘር ያውቃል። የቁልምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከአሰላ አጠገብ ነው፤ ከዚያ የወጡ የስንዴ ዝርያዎች የዚህን አገር ወረዳዎችና ከተሞች ስም ይዘው በመላ ኢትዮጵያ ይዘራሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከተለቀቁት አንዱ ‘ኦጎልቾ’ ይባላል። ‘ዲገሉ’ የሚባለው ደግሞ ብዙ ገበሬ ተማምኖበት የነበረ ዝርያ ነው፤ በ2013 እና 2014 እ.ኤ.አ. አዲስ የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ማሳዎች ላይ አጠፋው። የጠፋበት ምክንያት የወይኑን ጽናት የሰጠው ባሕርይ ራሱ ነው፤ አንድ ዓይነት መሆን። በሁሉም ማሳ ያለው አንድ ከሆነ፣ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። የቦርዶ ወይንም ይህን ቀምሷል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ የገባች የሥር ነፍሳት የፈረንሳይን እርሻ አውድማ ነበር፤ የዳነውም በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እየተቀጠለ በመተከሉ ነው። እንግዲህ ‘ራሷ ናት’ ያልኳት ቡቃያ እንኳ በሌላ እግር ነው የቆመችው። ሕይወት ያለው ነገር ከድንጋይ ይልቅ ጽኑ ነው ብዬ ልደመድም አልችልም። ድንጋይ ሲወድቅ ክምሩ ይቀራል፤ ዲገሉ ከማሳ ሲጠፋ ግን በቦታው ሌላ ዝርያ ይዘራል፣ የሚጎበኝ ክምር የለም። የዘር ፍርስራሽ ማየት የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ ገበሬ አግኝቶ ‘ድሮ ምን ትዘሩ ነበር?’ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው።

በደሴቱና በወይኑ መካከል ደግሞ አስቀድሞ የቆየ ዝምድና አለ፤ እርሱም በቅዳሴው ነው። ቁርባን ያለ ወይን አይሆንም። ወይን በማይበቅልበት ቦታ ሁሉ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መፍትሔዋ ዘቢብ ነው፤ የደረቀውን ፍሬ በውኃ ዘፍዝፎ፣ አሽቶ፣ ጨምቆ ለጽዋው ማዘጋጀት። ይህን ሥራ በልጅነቱ ያየ ሰው ይበዛል፤ ምን እንደሚል ግን የሚያስብበት ጥቂት ነው። ዘቢብ ውኃው የሄደ ወይን ነው፤ ቆዳና ጣፋጭነት ብቻ የቀረለት። ፍርስራሽን የቀረና የሄደ ነገር ያለበት ብለን ከፈታነው ዘቢብም የፍሬ ፍርስራሽ ነው። ግን በረሃ አቋርጦ፣ ሐይቅ ተሻግሮ የሚደርሰው እርሱ ነው፤ ለምለሙ ወይን በመንገድ ይበሰብስ ነበር። መድረቁ ለመድረስ ሆነ። ከደረሰ በኋላ ደግሞ የጎደለውን ውኃ የሚያገኘው ከደረሰበት አገር ነው። በደብረ ጽዮን የተዘፈዘፈ ዘቢብ ከሩቅ መጥቶ ከአካባቢው ውኃ ጋር ጽዋ ሆነ። ትውፊትም እንዲህ ይመስለኛል። ከአክሱም ደርቆ፣ ቀልሎ፣ በጥቂት ሰዎች ጀርባ ላይ የመጣ ነገር፣ በዛይ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው እንደገና የተጠጣው። ፍርስራሹን የሚያይ ጎብኚም ቢያውቀው ሥራው ይኸው ነው፤ የደረቀው ነገር ዘንድ የራሱን ውኃ ይዞ መምጣት።

እንዲህ ከሆነ ፍርስራሽና መጠጥ ተቃራኒ ናቸው ያልኩት ከየት የመጣ ሐሳብ ነው? ከእኛ አገር አይመስለኝም። በአክሱም ከሐውልቶቹ አንዱ የቆመበት የግርጌ ድንጋይ ላይ የጽዋ ቅርጽ ተፈልፍሎበታል፤ ለሙታን መታሰቢያ መጠጥ የሚፈስበት ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መምሪያም በአዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን፣ መጠኑ ብዙ ባይሆንም፣ ይቆጥራል። ያ ሐውልት ሲቆም ፍርስራሽ አልነበረም፣ ጽዋው ግን አብሮት ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን እኛ የሄደን ሰው የምናስበው በመብላት ነው። ዐርባው ሲደርስ ተዝካር ይወጣል፤ ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ካህናቱም ጎረቤቱም ድሀውም ይበላል። የጽዋ ማኅበር በወር በወሩ በጻድቁ ስም ይሰበሰባል፤ ዝክሩ ተበልቶ፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዚህ ባህል ያደገ ሰው ጠዋት ፍርስራሽ ቀትር ማዕድ ሲባል ሊደነግጥ አይገባውም። እንዲያውም ሙታንን ጎብኝቶ ሳይበላ የሚመለስ ሰው ነው የሚያስገርመው። ጥያቄው ከተነሣበት ቦታ ተነቅሎ እዚህ ሲተከል ሌላ ጥያቄ ሆነ፤ መብላታችን አይደለም የሚያሳስበው፣ የበላነው ምንን ተሸክመን እንደሆነ ነው።

ተዝካር የበላ ሰው ‘ነፍስ ይማር’ ብሎ ነው የሚነሣው። መብላቱ አገልግሎት ነበር፤ በልቶ ለሟቹ አንድ ነገር አደረገለት። ጽዋ የጠጣ ደግሞ በተራው ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ዛሬ በላ፣ ነገ ያበላል። ማዕዱ ዕዳ ይፈጥራል፣ ዕዳው ሰውን ከሰው ያሰናስላል። ይህ ዕዳ አንዳንዱን ቤተሰብ አራቁቶ እንደነበረ አልክድም፤ ሟችን ለማሰብ በሬ አርዶ ልጆቹን ያስራበ ሰው በየመንደሩ ነበር። የወይን እርሻው ምሳ ከዚህ ሸክም ነፃ ነው። ዋጋው ተጽፏል፤ ከፍለህ ትሄዳለህ፤ አስተናጋጁም አንተም ነፃ ናችሁ። የገንዘብ መልካምነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ግንኙነትን በንጽሕና ይዘጋል። ነገር ግን ጠዋት ያየነው ነገር ዋጋ አልተጻፈበትም። የመግቢያና የጀልባ ይከፈላል፤ ታቦት ተሸክሞ የሸሸው፣ ብራናውን ከእሳት ያወጣው፣ በውኃ ተከቦ ቋንቋውን ያቆየው ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም። ፍርስራሽ ያየ ሰው ሊከፍለው የማይችለውን ነገር ተቀብሏል። ሁለቱን በአንድ ቀን የማጣመር አደጋው በመብላቱ አይደለም፤ የቀትሩ ደረሰኝ የጠዋቱንም ዕዳ የዘጋ መስሎ እንዲሰማን ማድረጉ ነው። ጎብኚው ‘ደስ የሚል ቀን ነበር’ ይላል፤ ንግግሩ እውነት ነው፤ ቀኑ ግን ገና አልተከፈለም።

ለማን ይከፈል? ያቆዩልን ሰዎች አልፈዋል፤ ከእኛ ምንም አይቀበሉም። የአደራን ሕግ የምታሳየን ደብረ ጽዮን ራሷ ናት፤ የተቀበሉትን ወደ ኋላ መመለስ ካልተቻለ ወደ ፊት ማሳለፍ ነው። እንግዲህ የቀትሩን ማዕድ በዚህ ዓይን ላየው እገደዳለሁ። በሳህኑ ላይ ያለው ቆሮሶ ከሐይቁ የወጣ ነው። በብርጭቆው ያለው ወይን በመስኖ ያደገ ነው። ሰላጣው ላይ ያለው ቲማቲምና ሽንኩርት በሐይቁና በገባሮቹ ዳር ፓምፕ ተክሎ የሚያጠጣ ገበሬ ያመረተው ነው። ከተማው ዳር ያለው የአበባ እርሻም ይጠጣል። ይህ ሁሉ የሚቀዳበት ሐይቅ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር አይሞላም፤ ቆላ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ውኃ ነው። ከምሥራቅ ከታር፣ ከምዕራብ መቂ ይገቡለታል፤ በደቡብ ቡልቡላ ሆኖ ይወጣና አቢጃታ ይደርሳል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የመጨረሻው ጽዋ እርሱ ነው፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ጠጥተው የተረፈውን ነው የሚያገኘው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ከራሱ ተቀዳበት፤ ከላይም የሚመጣለት ቀነሰ። ሐይቁ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣ ሊበላ የሚመጣው ይብራ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመረ። ውኃ የነበረበት አሁን ነጭ ሜዳ ነው።

ፍርስራሽን የቀረና የሄደ ነገር ያለበት፣ የሄደውን የሚያውቅ ሰው ያለበት ብዬ ነበር የፈታሁት። የአቢጃታ ዳርቻ ፍቺውን ሙሉ በሙሉ ይሞላዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የደብረ ጽዮን ግድግዳ ሲወድቅ እኛ አልነበርንም፤ አቢጃታ ሲወድቅ ግን እየበላን ነበር። ፍርስራሽ ያለፈ ዘመን ሥራ ነው የሚል እምነት ይህን ይሰውርብናል። ጥንታዊ ፍርስራሽ ለማየት በሐይቁ ላይ ስንሻገር ጀልባዋ የምትንሳፈፍበት ውኃ ራሱ ወደዚያ ዕጣ የሚያመራ ሊሆን እንደሚችል አናስበውም። ሐይቁ ከቀነሰ ደሴቱ ደሴት መሆኑ ይቀራል፤ ታቦቷን ሸሽገው ያቆዩዋት ሰዎች የተማመኑበት አጥር የነበረው ያ ውኃ ነው። ያኔ ተራራው ይኖራል፣ ድንጋዩም ይኖራል፤ ለምን እዚያ እንደተሠራ ግን አይገባም። የጥያ ዕጣ በቱሉ ጉዶ ላይ ይደገማል፤ ምክንያቱ የጠፋበት የቆመ ነገር።

ስለዚህ የአንድ ቀን ጉዞ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ቢያማክረኝ ምሳውን አንሣ አልለውም። የወይን ቅምሻውም ይቅር አልልም፤ ሰው በሠራው መልካም ነገር መደሰት ነውር የለበትም፣ የእርሻው ሠራተኞችም እንጀራቸው ነው። የምለው ከምሳው በኋላ መኪናውን ወዲያው ወደ ሰሜን አታዙር ነው። በአስፋልቱ ወደ ደቡብ ጥቂት ቀጥል፤ እንግዶችህን አቢጃታ ዳር አድርሳቸው፤ የዛሬ ዐርባ ዓመት ውኃው የት ይደርስ እንደነበረ የሚያስታውስ የአካባቢ ሰው አግኝተህ በእጁ ያሳያቸው። ምሳ የበሉ ሰዎች ናቸውና ያን ጊዜ የሚያዩትን እንደ ባዕድ አያዩትም።

ከአርሲ በኩል የሚነሣ ሰው ደግሞ ከዚህ ነፃ አይደለም። የወይን እርሻውንና የአበባውን እርሻ መጠየቅ ለእኛ ቀላል ነው፤ ማዶ ናቸው፣ አጥር አላቸው፣ ባለቤታቸው ሩቅ ነው። ከታር ግን በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። በዳሩ ስንዴና ሽንኩርት በመስኖ በዘራን ቁጥር ወደ ሐይቁ ከሚሄደው ላይ እንቆርሳለን፤ የደጋው ተዳፋት በታረሰና ደኑ በሳሳ ቁጥርም ወንዙ አፈር ይዞ ይወርዳል፤ ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር በታች ለሆነ ሐይቅ ደለል ቀላል ነገር አይደለም። የኦጎልቾ ገበሬ መስኖ ያስፈልገዋል፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ነው፤ ውኃውን ተው ልለው አልችልም፣ ምን ያህሉን ብዬ ልለካለትም አልችልም። ነገር ግን ጉዞውን ከጀልባው ሳይሆን ከከታር ዳር ቢጀምረው፣ በራሱ ፓምፕ አጠገብ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቢያይ፣ ከፍርስራሹም ከማዕዱም በፊት የእርሱ ድርሻ እንደሚመጣ ያያል። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ያ ድርሻ ነው፤ ስንቱን ወስደን ስንቱን ብናሳልፍ አደራ ተመለሰ ይባላል?